የአማረች ዝላይ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ የበላሁትንም የጠጣሁትንም እነግራታለሁ፣ ይህን ግን አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሲደውሉልኝ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ እኔም ስለ ጤናዬ ብቻ እመልስላቸዋለሁ። ስለዚህ እርስዎን መረጥኩ። አያውቁኝም፣ አላውቅዎትም። ፈሪ ሰው ኃጢአቱን ለመንገደኛ ይናገራል እንጂ ለጎረቤቱ አይናገርም።

ሰው ሲናዘዝ ወይ ሰርቋል፣ ወይ ሰው አታሏል፣ ወይ ደም አፍስሷል። እኔ ያደረግኩት ሲሰሙት ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። አንዲት ሴት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ መልሱን እያወቅኩ ሌላ መልስ ሰጠኋት። ጉቦ አልበላሁም። ያስፈራራኝም የለም። ቢኖር ኖሮ እሱን ሰበብ አድርጌ በቀለለኝ። የዋሸሁት ለማወቅ ስለጓጓሁ ነው። ለማወቅ መጓጓት ኃጢአት ነው? ልጅ ሆኜ አስተማሪዎቼ ያመሰገኑኝ በዚሁ ነበር።

ሥራዬ መሬት ስትንቀጠቀጥ ማዳመጥ ነው። የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት በነዳጅ አገሮች መንቀጥቀጥ ላይ ነው። ነዳጅና ጋዝ ከመሬት ሲወጣ ጨዋማ ቆሻሻ ውሃ አብሮ ይወጣል። ያንን ውሃ ወንዝ ላይ መድፋት ስለማይቻል ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው መልሰው መሬት ሆድ ውስጥ ይከቱታል። እዚያ ታች ደግሞ ተጣብቀው የኖሩ አሮጌ ስንጥቆች አሉ። ውሃው ገብቶ ሲገፋቸው፣ ወለሉ እንደረጠበ ቁም ሳጥን ሸርተት ይላሉ። ያቺ ሸርተት ማለት ናት ላይ ላለነው ሰዎች የመሬት መንቀጥቀጥ የምትሆነው። ሰው በገዛ ቆሻሻው መሬትን ሊያንቀጠቅጥ እንደሚችል መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። ያጣሁት ከደስታ የተነሳ ነው፤ እሱንም ልናዘዘው።

ኮሮና በገባበት ዓመት የምሠራበት ቢሮ ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ድርጅቱ ያገለገለ ዘይት ያጣራል። ከማጣሪያው የሚተርፈውን ቆሻሻ ውሃ በጆሃንስበርግ ዳርቻ፣ በቶኮዛ ሰፈር በኩል ወደሚገኝ አንድ የተተወ የወርቅ ጉድጓድ ሊያስገባ ፈቃድ አውጥቷል። ጆሃንስበርግ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ሞልቷታል፤ ወርቁ ወጥቶ ባዶው ቀርቷል። የእኛ ሥራ መሬቷ ዝም ማለቷን ማረጋገጥ ነበር። እኔ ግን በልቤ ዝም እንዳትል እመኝ ነበር። ሌሎች በሩቅ አገር ያዩትን በእጄ ዳስሼ ማየት ፈልጌ ነበር።

የመሬት ንቅናቄ የምትሰማ መለኪያዬን የማስቀምጥበት፣ ለጉድጓዱ ቅርብ የሆነ፣ ሲሚንቶ ወለል ያለው፣ ሰው የሚጠብቀው ቤት ፈለግኩ። ሎክዳውኑ ሊታወጅ ጥቂት ሲቀረው ቶኮዛ ውስጥ እየዞርኩ ሳለ ጎማዬ ተነፈሰ። ወርጄ ጎማውን በአማርኛ እረግም ጀመር። ስፓዛ ከሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ የብረት መስኮት ውስጥ፣ «ወንድሜ፣ ጎማው አማርኛ አይሰማም» የሚል ድምፅ መጣ።

ሎምባሞ ነበር። የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ሁሉ ቀልድ። ጎማውን አብሮኝ ቀየረ። ሚስቱ አማረች ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዛ ወጣችና ዶክተር መሆኔን ስትሰማ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«እንግዲያው ደም ግፊቴን ይዩልኝ።»

«እኔ የመሬት ዶክተር ነኝ፤ የሰው አይደለሁም» አልኳት።

«የመሬት?» አለ ሎምባሞ። «እሱስ እዚህ ሞልቷል። የታመመውን ምረጥና ጀምር።»

የመሬት ሐኪም የሚለው ስም በዚያው ጸደቀብኝ። ከሱቁ ጀርባ የሚተኙባት ክፍል ነበረች፤ ሱቁን ያከራዩአቸው አሮጊት በአሮጌ ጡብ አስቀጥለው ያሠሯት። መለኪያዋን እዚያ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ ድስት ታክላለች። በሚቀጥለው ስመጣ አማረች ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳት አገኘሁ። «እንግዳ ናት ብዬ ነው» አለችኝ። ዳንቴሉ ንፋስ ሲነካው መለኪያዋን እንደሚረብሽ ነግሬ አስነሳኋት፤ ቅር አላት።

ከዚያ አገር ተዘጋ። እኔ ብቻዬን አፓርታማዬ ውስጥ ቀረሁ። መለኪያዋ የምትሰማውን በኢንተርኔት ወደ ላፕቶፔ ትልክልኛለች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከንቅናቄው የምትስለውን መስመር አያለሁ። ከሎክዳውኑ በፊት ያ መስመር ጫካ ነበር፤ ታክሲው፣ ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ የሚሊዮን ሰው እርምጃ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ጠፋ። ሎምባሞ ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ አግኝቶ ስለነበር የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ አያለሁ፤ የብረቱ በር ሲዘጋ አያለሁ። ከዚያ በስተቀር መሬቷ ባዶዋን ተኝታ ነበር። እንዲህ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም። ሰው በበሽታ በሚረግፍበት ሰሞን እኔ እንዲህ ያለ ጊዜ ስለገጠመኝ ዕድለኛ ነኝ እል ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት ግን መስመሩ ላይ አንድ የማላውቀው ነገር መጣ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ እኩል እኩል እየተራራቀ። ያቆማል፣ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ምን ይሆን ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ። ፓምፕ ነው? የጄኔሬተር ምት ነው? ሎምባሞ ጋ ደወልኩ፤ ከኋላው መዝሙር ይሰማል። ቤተ ክርስቲያናቸው ስለተዘጋ አምልኮውን በስልክ ይከታተላሉ፤ አማረች ዘማሪ ናትና እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻዋን እየዘመረች ትዘል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሁድን እጠብቅ ጀመር። መዝሙሩ መቼ ሞቅ እንዳለ፣ ስብከቱ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደደከማት ከመስመሩ አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ብቸኝነት ሌላ ሰው በሕይወት መኖሩን የሚነግረኝ የእሷ እግር ነበር። ግን ሙሉውን መናገር አለብኝ። እኔ ያደግኩት ሽብሸባው ዝግ ባለበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጴንጤ ሲዘል ባየሁ ቁጥር ያስቀኝ ነበር። ሳቄን በጨዋነት እሸፍነዋለሁ እንጂ ከሥሩ ያለው ንቀት ነው። በኋላ ውሸቱ አፌ ላይ ቶሎ የመጣልኝ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ድርጅቱ ውሃ ማስገባት ጀመረ። የሚያስገባባቸውን ቀናት ለቢሮው ያሳውቃል፤ እኔም አያቸዋለሁ። ውሃው በገባ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ መሬቷ ትነቃነቃለች። ንቅናቄዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሰው ከባድ መኪና ያለፈ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው አልኩ። ሁለተኛም አጋጣሚ አልኩ። ከዚያ በኋላ አጋጣሚ ማለት አልቻልኩም። ውሃው ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ፤ ከሳምንት ሳምንት ወደ ላይ፣ ወደ ቤቶቹ እየቀረቡ ይመጣሉ። ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ውሃው ይቆማል። ውሃው ከቆመ ደግሞ መሬቷ ዝም ትላለች። እኔ ዝም እንድትል አልፈለግኩም። ትንሽ ልይ፣ ትንሽ ልጨምር አልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን ያሳሳቀኝ እንዲያ ነበር።

እገዳው ላላ ሲል የመለኪያዋን ባትሪ ልቀይር ቶኮዛ ሄድኩ። አማረች አፏን በጭምብል ሸፍና እስክጨርስ ጠበቀችኝና ወደ አልጋው ራስጌ ወሰደችኝ። ከጣሪያው ጥግ ተነስቶ ወደ ትራሱ የሚወርድ ስንጥቅ ነበር። ጣቴን ሰደድኩበት፤ እስከ ጥፍሬ ገባ።

«ጠርሙሶቹም አንዳንዴ ያለ ነገር ይንጫጫሉ» አለችኝ። «ዶክተር፣ ይሄ ከምንድን ነው?»

ከምንድን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያች ከተማ ውስጥ አልነበረም። ልንገራት አልኩ? አላልኩም። ብነግራት በዚያው ቀን ዕቃዋን ትጭናለች፤ ሱቁ ይዘጋል፤ መለኪያዬ ቦታ ታጣለች፤ ወሬው ድርጅቱ ጋ ይደርስና ውሃው ይቆማል። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ያለፈው ጣቴ ከስንጥቁ ሳይወጣ ነው።

«እህት አማረች፣ እሁድ እሁድ በጣም ትዘያለሽ መሰለኝ» አልኳት።

ሎምባሞ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ሰማይ ይከፈት ብላ ስትዘል ግድግዳ ከፈተች በለኛ።»

እሷም አብራ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋን ተወችና አየችኝ። «እውነት ነው ዶክተር? ሰው ዘሎ ግድግዳ ይሰነጥቃል?»

በቀልድ ልተወው እችል ነበር። የመመለሻው በር ገና ክፍት ነበር። እኔ ግን የአስተማሪ ፊት አወጣሁና፣ «ወለሉ ስስ ነው፤ ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል» አልኳት። የተማረ ሰው ውሸት እንዲህ ነው፤ ምክንያት ይጨምርበታል።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ አማረች ቁጭ ብላ ዘመረች። መስመሬ ጠራ። ጠዋት ላይ ድሮ በእሷ እግር የሚሸፈኑት ትንንሽ ንቅናቄዎች ሁሉ አንድ በአንድ ታዩኝ። ያኔ ምን ተሰማኝ? እርካታ። በአንድ ውሸት ሁለት ነገር አገኘሁ፤ መለኪያዬ ቦታዋ ላይ ቆየች፣ ጫጫታውም ቀረልኝ።

አንድ ቀን ሎምባሞ ደወለ። የአጎቱ ልጅ ክሊፕታውን የሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ አለው፤ ግድግዳው እስኪጠገን እኔ ጋ ሁኑ ብሏቸዋል። «አንተ የመሬት ሐኪም ነህ፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። ይህ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ድንገት ተጠይቄ ነው ብል እንኳ በሁለተኛው ምን እላለሁ? «ዝላዩ ከቆመ ምን ያስቸኩላችኋል፤ አሁን ሱቅ የምትዘጉበት ጊዜ ነው?» አልኩት። አመሰገነኝ። በእኔ ምክር ቀሩ።

አደጋው የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ ነበር። መስመሩ ላይ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ መጣ። እሁድ አልነበረም። ዛሬ ምን አገኘች ብዬ ፈገግ አልኩ። እንደ ድሮው ረጅም አልነበረም፤ አቆመች፣ መስመሩም ለጥ አለ። ተነስቼ ሻይ አፈላሁ፣ ስኳር ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሷ ካቆመች ብዙ ከቆየ በኋላ ነው መሬቷ የመታችው። እስከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነበር፤ ጥልቅም አልነበረም፣ ከሥራቸው ማለት ይቻላል። ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት? አጨበጨብኩ። ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ፤ የተናደድኩት ለመስመሩ ነው።

መስመሩ የተቆረጠው ግድግዳው መለኪያዋ ላይ ስለወደቀ ነው። መጀመሪያ የወደቀው ግን ጋደም ብሎ በነበረው በሎምባሞ ላይ ነው። አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ጠያቂ አያስገባም ነበር። አማረችን ከግቢው በር ውጭ፣ አጥሩን ተደግፋ አገኘኋት። ልብሷ ላይ የጡብ አቧራ ነበር።

«ነግረውኝ ነበር ዶክተር» አለችኝ። «እናቴ አገር ቤት በኮሮና ተይዛ ኦክስጅን ላይ ነበረች። ዳነች፣ ከሆስፒታል ወጣች ብለው ደወሉልኝ። በደስታ ረሳሁት። አንዴ ብቻ ነው የረሳሁት።»

አጥሩን ለቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ጎረቤቶቹ መሬት ነቀነቀች ይላሉ። እውነት ነው?»

«ትንሽ ነቅነቅ ብላ ነበር» አልኳት። «ግን እንዲያ ያለው ጤነኛ ግድግዳ አይጥልም።»

ልብ ይበሉ፣ ከዚህ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ቃል በቃል ብመረመር ነፃ እወጣለሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፋች፤ «እንግዲያው ግድግዳው የታመመው በእኔ ነው» አለች። ቀጥላ፣ «እግዚአብሔር ይባርክዎ፤ እርስዎስ አስጠንቅቀውኝ ነበር» አለችኝ። መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። አልቅሼ ነበር፤ ግን ማልቀስ ምን ያደርግላታል? ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይላል ያገሬ ሰው። የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አልተናገርኩም።

ለአለቃዬ የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው በጸጥታ ቆመ፤ ቶኮዛ ሄዶ ለአንድ ሰው እንኳ የነገረ የለም። እኔ ጥናት ጻፍኩ፣ ጥናቱም ተወደደልኝ። የዚያን ቀን መስመር ለሰዎች ሳሳይ የአማረች ዝላይ ከፊት አለ፣ ቀጥሎ ረጅም ጸጥታ፣ ቀጥሎ መሬቷ። ከዝላዩ ሥር «የሰው ጫጫታ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የአንዲት ልጅ ደስታ፣ እናቷ ስለተረፈችላት፣ ጫጫታ ተብሎ በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ ታየ።

አብያተ ክርስቲያናት ከተከፈቱ በኋላ ሎምባሞ ምስክርነት ሊሰጥ ነው ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። በክራንች ቆሞ፣ «እግዚአብሔር ግማሹን ወስዶ ግማሹን ስላስቀረልኝ፣ የጫማ ወጪዬን ስለቀነሰልኝ» ብሎ ጉባኤውን አሳቀው። ከዚያ መዝሙር ተነሳ። ወለሉ ተናጋ፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ዘለሉ። አማረች ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ የባሏን ክራንች ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ሁለት እግሯን አጥብቃ ወለሉ ላይ ተክላ። አፏም አይንቀሳቀስም። ሎምባሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ከዚያ ወዲህ አልዘመረችም፤ አንተ ብትመክራት ትሰማሃለች» አለኝ። እኔ ልምከራት! እንደማስብበት ነግሬው ወጣሁ።

ያሰብኩበት እስከ ዛሬ ድረስ ነው። እግሩን እኔ አልመልስም። የእሷን ዝማሬ ግን መመለስ እችል ነበር፤ በአንድ አረፍተ ነገር፣ በማንኛውም ቀን። ይህን እያወቅኩ ቀናቱን አሳለፍኳቸው። ለምን ዘገየሁ? ይጠሉኛል ብዬ ነው? ሥራዬን አጣለሁ ብዬ? አዎ፣ ሁለቱም። ደግሞም፣ ይህን ለመጻፍ እጄ እያፈረ ነው፣ ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል ለማየት የምጓጓበት ጊዜ አለ። ያ ነገር ዛሬም አልለቀቀኝም።

የመጨረሻውን የምጽፍልዎ ክሊፕታውን ሆኜ ነው። መኪናዬን ከአዲሱ ሱቃቸው ፊት ለፊት አቁሜያለሁ፤ ላፕቶፑ አጠገቤ ነው፤ የዚያን ቀን መስመር አውጥቼበታለሁ። ሎምባሞ በብረቱ መስኮት ከደንበኞቹ ጋር በዙሉ ይቀልዳል። አማረች አይታኛለች። ለስላሳ ይዛ መንገዱን እየተሻገረች ነው።

«ዶክተር፣ ምነው ውጭ ተቀመጡ? ደግሞ ጎማ ተነፈሰ እንዴ?» አለችኝ ገና ሳትደርስ።

ይቅር በይኝ አልላትም። ብላት እሺ ትለኛለች፣ እሷ እንዲያ ናት፤ እኔም ቀሎኝ እሄዳለሁ። እርስዎም ይቅር አይበሉኝ። ያን ጊዜ ጣቴ ስንጥቁ ውስጥ እያለ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሄ ከምንድን ነው?» ነበር ያለችኝ። እሱን ልመልስላት ነው። ከውሃው ነው አማረች። ከውሃውና ከእኔ።